ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ፦ የቅዳሜ ማታ የጦር ጨዋታ ማኅበር እንዴት ይቋቋማል፣ እንዴትስ ይዘልቃል

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለች ክፍሌ፣ ጋቢ ተከናንቤ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። (ላፕቶፕ ጋቢ ላይ አይቀመጥም፤ የአየር መሳቢያው ይታፈናል። እኔ የማደርገውን ሳይሆን የምላችሁን አድርጉ።) ስድስት ነን፦ ሁለታችን ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅዳ። ቅዳሜ ማታ በኢንተርኔት እየተገናኘን የኮምፒውተር የጦር ጨዋታ እንጫወታለን፤ እየተጫወትን ስለ ጦር ታሪክ እንከራከራለን። አንዳንዴ ክርክሩ ጨዋታውን ይውጠዋል።

«እኛም ብናቋቁም ከምን እንጀምር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ራም እና ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው የሚያወራው። እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። እዚህ አገር ጨዋታ ይቆማል። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሶላት ይደርሳል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። እንግዲያው ሰውንም፣ ጨዋታውንም፣ ሰዓቱንም ስትመርጡ መቆምን የሚችል መሆኑን እያያችሁ ምረጡ።

1. መጀመሪያ ሰው

ከአራት እስከ ስድስት ሰው በቂ ነው። ሦስት ከሆናችሁ አንዱ ሲቀር ቅዳሜው ይሞታል፤ ስምንት ስትሆኑ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠበቃል።

አዲስ ሰው ስታስገቡ በችሎታው አትለኩት። አንድ ቀን አብራችሁ ተጫወቱና መሃል ላይ ሆን ብላችሁ ሃያ ደቂቃ አቁሙ። በሃያ ደቂቃው ውስጥ ጨዋታ የሚያወጣ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያስቅ ከሆነ ሰውዬው ተገኝቷል። «በቃ እንጀምር እንጂ!» እያለ ቁልፍ ሲያንኳኳ ከተሰማ፣ ጎበዝ ተኳሽም ቢሆን ለዚህ ማኅበር አይሆንም። እኛ በዚህ ፈተና ሁለት ሰው ሸኝተናል፤ አንዱ አሁንም ቅር እንደተሰኘብን ነው።

2. ጨዋታውን የምትመርጠው ደካማዋ ማሽን ናት

ከሁላችሁም የደከመውን ኮምፒውተር ለዩና በእሱ ልክ ምረጡ። እኛ ጋ ከኮምቦልቻ ልጆች የአንዱ ላፕቶፕ ነው፤ ማንጠልጠያው ስለተሰበረ ስክሪኑ በጡብ ተደግፎ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ጨዋታ ይዘናል፦ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እና አንድ አገር ይዛችሁ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የምትጫወቱበት ኸርትስ ኦፍ አይረን 4።

በስልክ የሚጫወቱትን የተኩስ ጨዋታዎች አልንቅም፤ ነገር ግን መብራት ስለጠፋብህ የሚጠብቅህ የለም፣ ሞተህ ታድራለህ። እነዚህ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ግን ለአፍታ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ በሳምንቱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዳታም አይበሉም። በኢንተርኔቱ የሚያልፈው ምስል ሳይሆን ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «ይህን ክፍለ ጦር ወዲያ አንቀሳቅስ» የሚል አጭር መልእክት። ሒሳቡን እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ይሠራል። በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ።

የሁላችሁም ቨርዥን አንድ መሆን አለበት። አንዱ ሳያስብ ካዘመነ ሌሎቹ ጋ መግባት አይችልም፤ ራሱን በራሱ የሚያዘምነውን አጥፉና ሁላችሁም በአንድ ቀን አዘምኑ። ደሴና ኮምቦልቻ ካለነው አንድ ሰው ብቻ ያወርዳል፤ ቀሪዎቻችን በሃርድ ዲስክ እንገለብጣለን። ሃርድ ዲስኩ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ሰው ተይዞለት፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። በስልክ ኢንተርኔት ሌሊቱን ሙሉ ከማውረድ የሐረጎ መንገድ ይፈጥናል።

ሁለተኛው የጨዋታው ፍጥነት ነው። ኸርትስ ኦፍ አይረን ከ1 እስከ 5 ፍጥነት አለው፤ ደካማው ማሽን ወደኋላ ሲቀር ካያችሁ ወዲያው ዝቅ አድርጉ። እኛ ከ3 አልፈን አናውቅም፤ ጡቡን እናከብራለን።

ስለ ገንዘብ፦ ኸርትስ ኦፍ አይረን ላይ ተጨማሪ ይዘቶቹን የሚገዛው ሆስት የሚያደርገው ሰው ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ እሱ በከፈተው ጨዋታ ውስጥ የገባ ሁሉ ይጠቀምበታል። እኛ የገዛነው በጅዳው ልጅ በኩል ነው። ብሩን እዚህ ለእናቱ ሰጠን፣ እሱ እዚያ በካርዱ ከፈለ።

3. ከየት ትጀምራላችሁ

ወሎ ላይ ተቀምጦ ኸርትስ ኦፍ አይረንን በኢትዮጵያ አለመጀመር ያሳፍራል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ባይ ብለድ አሎን የሚባለው ተጨማሪ ይዘት ለኢትዮጵያ የራሷን የውሳኔ ዛፍ (ተራ በተራ የሚመረጡ የአገር ውሳኔዎችን) ሰጥቷታል።

ጨዋታው የሚከፈተው ጃንዋሪ 1፣ 1936 ነው። ወደኛ አቆጣጠር መልሱት፦ ታኅሣሥ 22፣ 1928 ዓ.ም.። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ነው፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመትቷል። ጨዋታው ሲከፈት ቦምቡ ከወደቀ ገና 26 ቀኑ ነው ማለት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን እዚሁ ደሴ ላይ አድርገው ነበር፤ በድብደባው ቀን ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍም ይታወቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን አስልተን ስናገኘው የአዲስ አበባው ልጅ «እና ንጉሡ አሁን እናንተ ሰፈር ናቸው?» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ያህል ማንም ክፍለ ጦር አላንቀሳቀሰም።

ለጀማሪ አንድ አገር ለሁለት መያዝ ይመከራል፤ ይቻላልም። አንዱ ግንባሩን፣ ሌላው ስንቁንና ፋብሪካውን ያያል። ኢትዮጵያን ስትይዙ የማጥቃት አምሮታችሁን ያዙት፦ ተራራው ላይ ቁሙ፣ ጠላት ይምጣ፣ ስንቅ እየራቀው ይድከም። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ተንደርድረን ወጥተን በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቅን።

4. ሹመት ስጡ

ይህን ክፍል ያለ ምክንያት አላስረዘምኩትም። ማዕረግ የሌለበት ቡድን ውስጥ ሁሉም ያዛል፣ ማንም አይሠራም። እንግሊዝኛውን «አድሚን» ትታችሁ የራሳችሁን ስም ተጠቀሙ፤ የድሮው ጦር አሰላለፍ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚሄድ ነበር። የኛ ፊታውራሪ ከሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ የድምፅ ክፍሉን ይከፍታል፣ የማን ኔትወርክ እንዳለ ያረጋግጣል። ቀኝአዝማችና ግራአዝማች በጨዋታው ውስጥ የቀኝና የግራ ግንባር ያዦች ናቸው፤ በየወሩ ይለዋወጣሉ። በጅሮንድ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ዕቁባችን በእሱ እጅ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በመጀመሪያው ዙር ሌላ ነገር ሳይገዛ ለዋይፋዩ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲገዛ ተስማምተን ነበር፤ አንዱ ጫማ ገዝቶ ሁለት ወር ተሰድቧል። አጋፋሪ አዲስ ሰው አስገቢና ከልካይ ነው።

ዋናው ግን ሊቀ መኳስ ነው። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደራሱ የሚስብ ባለሟል ነበር። የኛው ሊቀ መኳስ የሆስቱ ምትክ ነው፦ ሆስቱ መብራት ሲጠፋበት ጨዋታውን እሱ ከፍቶ ያስቀጥላል። ሆስቱና ሊቀ መኳሱ አንድ ከተማ ውስጥ እንዳይሆኑ። ደሴ መብራት ሲሄድ ኮምቦልቻም አብሮ የሚሄድበት ቀን ስላለ፣ የኛውን ጅዳ አድርገነዋል።

5. ክተት

ሰዓት ስትቆርጡ የቀኑን ስም፣ የሰዓቱን አቆጣጠርና «ማታ» የሚለውን ቃል አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። «በ3 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁ፣ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሞላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ ገብቶ ብቻውን ይቀመጣል። ሆኗል።

እኛ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንገባለን፤ ኢሻ ተሰግዶ፣ ራት ተበልቶ ያልቃል። እሑድ ቅዳሴ የሚሄዱት እንዲተኙ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ይሆናል፤ አንዳንዴ እስከ ሱሑር ይዘልቃል፣ ያኔ ክርስቲያኖቹ እያዛጉ ይቆያሉ። ጅዳ ሰዓቷ ከኛ ጋር እኩል ስለሆነ አታስቸግርም። አሜሪካ ያለ ሰው ካላችሁ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ስለሚያዛውሩ በዚያ ሳምንት ቀድማችሁ ተጠያየቁ።

ዐርብ ማታ ፊታውራሪው በቴሌግራም አንድ መልእክት ብቻ ይልካል፦ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።» ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው የቀጠሩት ወረኢሉ ነበር፤ ወረኢሉ ደግሞ ከኛ ከደቡብ ወሎ ናት። ሌላ ማብራሪያ አይጻፍም። የሚመጣ ሰው «ከትቻለሁ» ይላል፤ የማይመጣ ምክንያቱን ይላል። ዝም ያለ ሰው እንደሸፈተ ይቆጠራል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የስንቅ ኃላፊ ሆኖ ይቀጣል፤ ከጨዋታው ሁሉ አሰልቺው ሥራ ነው።

6. ድምፅ

ዲስኮርድ ላይ የድምፅ ክፍሉ ሲከፈት 64 ኪሎቢት ላይ ነው የሚሆነው፤ ይህ በአንድ ተናጋሪ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ወደ 32 ዝቅ አድርጉት፣ ግማሽ ይቀንሳል፣ ድምፁም ብዙ አይጎዳም። ሁሉም ሰው ጆሮ ማዳመጫ ያድርግ። ማይክ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ የሚከፈት ይሁን፣ አለበለዚያ የጎረቤት ጀነሬተር ስድስት ቤት ይገባል።

ይህን ሕግ ያወጣነው ከደረሰብን በኋላ ነው። ሮም ልንገባ ሦስት ግዛት ሲቀረን፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ ከአንዱ ማይክ ኋላ የእናቱ ድምፅ መጣ፦ «አንተ ልጅ! አቦል አመለጠህ፣ ቶናውም ሊቀዘቅዝ ነው! ደግሞ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትሰዳደበው?» ጨዋታው ቆመ። ልጁ ሄዶ ጠጥቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እናቱ በማኅበሩ ውስጥ «እቴጌ» ናቸው፤ በረካ እስኪደርስ ጥቃት አይጀመርም።

7. መብራት ሲሄድ

ቅደም ተከተሉን በቃል ያዙት። የጨለመበት ሰው በስልኩ ዳታ ቴሌግራም ላይ «ጨለመ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ፊታውራሪው ወዲያው ያቆማል። ሆስቱ ሴቭ ያደርግና ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ይጭናል። ሆስቱ ራሱ ከጨለመበት የመጨረሻው አውቶሴቭ (ጨዋታው ራሱ የሚያስቀምጠው) ስለሚያስፈልግ፣ አውቶሴቩ በጨዋታው ቀን አቆጣጠር በየወሩ እንዲሆን ከመጀመሪያው አስተካክሉት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በአሥር ደቂቃ ካልመጣ ላፕቶፕ ያለው በስልኩ ሆትስፖት ይመለሳል፤ ዴስክቶፕ ያለው በስልኩ ድምፅ ብቻ ይገባና ክፍለ ጦሮቹን ለጎረቤቱ አደራ ይሰጣል።

መብራቱ ሲመለስ አትሽቀዳደሙ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቆዩ፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ስለሚል አምስት ደቂቃ ያህል ይረጋጋ። እኔ በችኮላ አንድ ፓወር ሰፕላይ አቃጥያለሁ፣ ሽታው አሁንም ይሸተኛል።

ሴቭ ፋይሉን በቀን ብቻ አትሰይሙት። ያቆማችሁበትን ምክንያት ጨምሩበት። የኛ ፎልደር ውስጥ «መብራት»፣ «መብራት 2»፣ «የእቴጌ ቡና»፣ «ዒድ»፣ «ዝናብ»፣ «መብራት 9» የሚሉ አሉ። ከዓመት በኋላ ስትከፍቱት ማታው ራሱ ይመጣላችኋል።

8. ክርክሩን እንዴት ታስኬዳላችሁ

ሕጋችን ይህ ነው፦ ቁጥር ወይም ቀን የጠራ ሰው ምንጩን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያመጣል። ካላመጣ የተናገረው «ስማ በለው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወሬ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን አይጠቀስም።

በዘመን አቆጣጠር ተጠንቀቁ። ሁለት ልጆች የማይጨው ጦርነት በ1928 ነው፣ የለም በ1936 ነው ብለው ሩብ ሰዓት ተጯጩኸዋል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ መጋቢት 22፣ 1928 ዓ.ም. ማለት ማርች 31፣ 1936 ነው። አሁን ቀን የሚጠራ ሁሉ «በኛ» ወይም «በፈረንጅ» ሳይል አይናገርም።

መቀላለድ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባው ልጅ በተሸነፍን ቁጥር «ሰገሌ!» ይላል፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17፣ 1909 ዓ.ም. በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር መሸነፋቸውን ማለቱ ነው። እኛም ዝም አንልም። ከሰገሌ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ምን እንደገጠማቸው እንጠይቀዋለን፤ ካልበቃው ዐድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ማን እንዳመጣው እንጨምርለታለን። ይህ መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ሁሉም ይስቃል።

ግን ድንበር አብጁለት። የኛ ቀልድ 1933 ዓ.ም. ላይ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ ከመካከላችን በዓይኑ ያላየ የለም፤ በዚያ ቀልድ አይወጣም፣ በጨዋታ ውስጥም ለመንደር ስም አይሰጥም። አንዱ ጓደኛችን የጨዋታውን የፍንዳታ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ነው የሚጫወተው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ሙዚቃውን ብቻ ይሰማል፣ ቦምብ ሲወድቅ እኛ «ወደቀ» ብለን እንነግረዋለን።

9. በዓመት አንድ ቀን ውጡ

ካርታ ላይ ያያችሁትን መሬት በእግራችሁ እዩት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ፣ ኮምቦልቻ ላይ ምሽግ ይዞ የጠበቀውን የጣሊያን ጦር ቀናት ፈጅቶ ሰብሮ፣ ሚያዝያ 18 ደሴ ገብቷል። በሺዎች የሚቆጠር ምርኮኛ ተይዟል። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው።

ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎ ላይ ውረዱና ቁልቁል እዩ። ጠላት መንገዱን ከላይ ሲይዘው ምን ማለት እንደሆነ ጨዋታው ላይ «ተራራ» የሚለው ትንሽ ምልክት ፈጽሞ አይነግራችሁም። ውሃና ቆሎ ያዙ። የወዳደቀ ብረት አትንኩ፣ የድሮ ቢመስልም አትንኩ። ካምፕና ፍተሻ አካባቢ ፎቶ አታንሡ። የሚቀጥለው ሐሳባችን መቅደላ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከህንድ ዝሆን ጭምር አምጥተው የወጡትን አምባ እኛ በአይሱዙ እንዴት እንደምንወጣው በጅሮንዱ እያሰላ ነው፣ ሁለት ዓመት ሆነው።

10. ስትጣሉ፣ ሰው ሲያዝን

ጥል አይቀርም። ተናዶ የወጣ ሰው በዚያው ማታ አይደወልለትም። በማግስቱ ያስቀየመው ሰው ራሱ በግል «አፉ በለኝ» ብሎ ይጽፋል፤ «አፉ ብያለሁ» ከተባለ አለቀ፣ ቅዳሜ አይነሣም። በቡድኑ ውስጥ በአደባባይ ይቅርታ ማስባል ሰውን ያሸማቅቃል።

ለቅሶ ግን በመልእክት አይደረስም። አንድ ጊዜ የኮምቦልቻው ቀኝአዝማች አባቱ ሞቱ። እኔና ሌላው የደሴ ልጅ ጠዋት ተነሥተን ወረድን፤ የአዲስ አበባው ሌሊቱን በአውቶቡስ መጣ። ሰፈሩ ደርሰን ድንኳኑ በር ላይ አንድ አዛውንት «የማን ወገን ናችሁ ልጆቼ?» ሲሉን ሦስታችንም ተያየን። መዝገብ ላይ ያለ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። የአዲስ አበባው ልጅ በመጨረሻ «የቀኝአዝማች» አለ። አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው ሲያዩን፣ ቀኝአዝማቹ ከውስጥ ድምፃችንን ለይቶ ወጣ። ስለዚህ የሁሉንም ሙሉ ስም፣ ሰፈርና የአንድ ቤተሰብ ስልክ አጋፋሪው ይያዝ። ይህ ከሁሉም ቀድሞ መሠራት ያለበት ነው፣ እኛ ዘግይተን ነው ያወቅነው።

ያዘነ ሰው እስኪመለስ ቦታው ለሌላ አይሰጥም። ጨዋታው ያለ እሱ ቢቀጥልም ግንባሩን አንድ ሰው በአደራ ይይዝለታል፣ አያጠቃበትም፣ አያፈገፍግበትም። ሲመለስም ንግግር አታብዙበት። የኛው በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ አሳልፎ ገባ። ሁላችንም ዝም አልን። ክፍለ ጦሮቹን አንድ በአንድ ሲያይ የማውሱ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ማይኩን ከፈተ፦

«ነዳጄን የጨረሰው ማነው?»